የማይረባው ግስ

አባቴ ግስ ያረባሉ። ሌላው የላስታ ሰው በግ ያረባል፣ ፍየል ያረባል፣ የቀናው ቀፎ ሰቅሎ ንብ ያረባል፤ አባቴ ግን የቅኔ መምህር ናቸውና ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረቡት ግስ ነው። አንዱን የግዕዝ ቃል ይዘው እሱ፣ እነሱ፣ እሷ፣ አንተ፣ አንቺ እያሉ ዘር ማንዘሩን ያወርዱታል። ልጅ ሳለሁ ጎረቤቶች "አባትሽ ምን ያረባሉ?" ሲሉኝ "ግስ" ብዬ እመልስ ነበር። ለምን እንደሚስቁ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ስፓኒሽ ልማር ብዬ በተቀመጥኩ በሳምንቱ፣ ስልኬን አልጋው ላይ ወርውሬ ብቻዬን ስሳደብ አባቴ ከመደባቸው ላይ ቀና አሉ።

"ምን አልሽ?"

"የማይረባ ግስ ገጠመኝ ነው የምልዎ፣ አባባ።"

"የማይረባ ግስ የለም" አሉኝ። "የማያረባ ተማሪ ነው ያለው። በይ አምጪው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። በእንግሊዝኛ ቤተ ክርስቲያኖቹን እያዞርኩ ሳሳይ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ በሽታው መጣና እንግዳ ቆመ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣና መንገዱም ቆመ። ነገር ሲረጋጋ እንግዳው መመለስ ጀመረ፤ አመላለሱ ግን እንደ ሐምሌ ፀሐይ ብልጭ ድርግም ነው። አንድ ፈረንጅ ከመኪና ሲወርድ የአስጎብኚ መንጋ ይከበዋል። እኔ ደግሞ መጋፋት አልችልበትም፤ ስገፋ ሰው ይወድቅብኛል፣ ከዚያ ጠብ ነው።

እንዲህ እያለሁ አዲስ አበባ ካለ አንድ የጉዞ ድርጅት ተደወለልኝ። ለገና ከስፔን ቡድን ሊያመጡ ነው፤ የሚያሠሩት ስፓኒሽ ተናጋሪ ካገር ወጥቶባቸዋል። "ስፓኒሽ ትችያለሽ?" አለችኝ የደወለችው ልጅ። "እችላለሁ" አልኩ። የምችለው "ኦላ" እና "ግራሲያስ" ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ጥምጥሙን አስቀድሜ ትምህርቱን ፍለጋ ገባሁ። ልጅቷም "ጥሩ፤ በታኅሣሥ የሚሰማሽ ሰው እንልካለን። እሱ ካመነበት የገናው ቡድን ያንቺ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትም" ብላ ስልኩን ዘጋች።

አዲስ አበባ ታላቅ እህት አለችኝ። ሆዷ ሩኅሩኅ ነው፤ በየጊዜው ገንዘብ የሚልኩልን እሷና ባሏ ናቸው። ግን ሁለት ቤት ማስተዳደር ከብዷቸዋል፣ እሱንም ደብቃ አታውቅም። "ሥራ ካላገኘሽ ከጥምቀት በኋላ ሁለታችሁም ወደ እኔ ትመጣላችሁ" ብላ ቆርጣለች። ኮንዶሚኒየም ነው ያላት፣ አራተኛ ፎቅ። ለአባቴ አንዱን ክፍል ለቃ ልጆቿን አንድ ላይ ልታስተኛ አስባለች። በምን አፌ ልውቀሳት?

አባቴ ግን ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በእግራቸው እያዩ ነው። የቱ ድንጋይ እንደሚያዳልጥ፣ ግድግዳው የት ላይ እንደሚያልቅ፣ የትኛው በር ጋ ጎንበስ እንደሚባል እግራቸውና እጃቸው ያውቀዋል። ሰውም ድምፁን ሲሰሙ ያውቁታል፤ ተማሪዎቻቸውም ግቢው ድረስ ይመጡላቸዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ሊያዩ ነው? እሳቸው ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተናገሩም። እህቴ በደወለች ቁጥር ግን መቋሚያቸውን ካለበት አንሥተው ጉልበታቸው ላይ ያጋድሙታል፤ ተነሡ የተባሉ መንገደኛ ይመስላሉ።

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። ስፓኒሹን ከቻልኩ እንቀራለን፣ ካልቻልኩ እንሄዳለን። የሚያናድደው ደግሞ እምቢ ብሎ የጠመመብኝ ግስ ራሱ "መሄድ" መሆኑ ነው።

"'ኢር' ይባላል" አልኳቸው አባቴን። "መሄድ ማለት ነው።"

"ሖረ" አሉ ወዲያው በግዕዝ። "በይ አውርጂው።"

"ቦይ፣ ባስ፣ ባ፣ ባሞስ፣ ባይስ፣ ባን።"

"ኢር የታለ?" አሉኝ።

"የለም። እኔስ እሱን አይደል የምለው? ስሙ ኢር ነው፣ አሁን ሲሄድ ቦይ ይሆናል፣ ትናንት ከሄደ ደግሞ ፉዊ ነው። አንዱ ካንዱ በምንም አይዛመድም። ይኼን የሠራ ሰው ጤነኛ አይደለም።"

"አንቺ 'መጣ' ትያለሽ አይደል?"

"እላለሁ።"

"ሰውየውን ስትጠሪውሳ?"

"'ና' እላለሁ።"

"'መጣ' ውስጥ 'ና' የታለ?"

ዕድሜዬን ሙሉ ና፣ ነይ፣ ኑ ስል ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። አባቴ እንዳሸነፉኝ ሲያውቁ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ጢማቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ።

"የሰው ሁሉ ቋንቋ የሚበዛበትን ቃል ያጣምመዋል" አሉ። "ብዙ የተረገጠ መንገድ ቀጥ ብሎ አይቀርም። ደግሞም ቦይ ማለት ምን አስቸገረሽ? ቦይ ውኃ የሚሄድበት አይደል?"

ከዚያች ቀን ወዲህ "ቦይ" ጠፍቶብኝ አያውቅም። ውኃ በቦይ ይሄዳል፣ እኔም ስሄድ ቦይ ነኝ። ችግሩ የሌሎቹ ነበር። ስልኬ ላይ ያለው ትምህርት ከ"እኔ" ይጀምራል፤ እኔ፣ አንተ፣ እሱ እያለ ይቀጥላል። አባቴ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

"ከራስሽ ነው የምትጀምሪው?"

"እነሱ እንዲህ ነው የሚያወርዱት፣ አባባ።"

"ይተዉት እንግዲያ። እኛ ዘንድ 'እሱ' ነው የሚቀድመው። 'እኔ' ሁሉን አሳልፎ ነው የሚገባው፤ ከኋላው 'እኛ' ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ካልሆነ እኔ አላስጠናሽም።"

ግዕዝ አሥር ወንበር አለው፤ ወንድና ሴቱን፣ አንዱንና ብዙውን ለይቶ ያስቀምጣል። ስፓኒሹ ግን ያለው ስድስት ነው። ስድስቱን በአሥሩ ላይ ለማዳረስ ደጋግሜ ማስቀመጥ ነበረብኝ። እሱ ባ፣ እነሱ ባን፣ እሷ ባ፣ ሴቶቹ ባን፣ አንተ ባስ፣ እናንተ ባይስ፣ አንቺ ባስ፣ እናንተ ሴቶቹ ባይስ፣ እኔ ቦይ፣ እኛ ባሞስ።

"ሴትና ወንዱ አይለይም?" አሉ አባቴ።

"ግሱ ላይ አይለይም።"

"'ሄደ'ና 'ሄደች' አንድ ነው?"

"አንድ ነው።"

"ሰነፎች ናቸው" አሉ። ግን ደስ ብሏቸዋል፤ የሚሠሩት ነገር አግኝተዋል።

እንዲህ ሆነን ክረምቱን ገፋነው። ጠዋት ከኪዳን ሲመለሱ፣ ዝናብ ካልሆነ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ልብስ አጥባለሁ ወይም ሽንኩርት እልጣለሁ፤ እሳቸው "ሖረ" ሲሉ እኔ "ፉዌ" እላለሁ፣ "ሖሩ" ሲሉ "ፉዌሮን"፣ "ሖርኩ" ሲሉ "ፉዊ"፣ "ሖርነ" ሲሉ "ፉዊሞስ"። ስሳሳት አይነግሩኝም፤ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንዴ ይመቱና ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። አንድ ጊዜ ባጥሩ በኩል የሚያልፉ ቄስ ቆም ብለው "መሪጌታ፣ ይኼ የየት አገር ዜማ ነው?" ቢሏቸው "የእስጳንያ ግስ ነው፤ ልጄ እዚሁ ልትቀር ነው የምትማረው" አሉ። ስለ መቅረታችን ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ነው። ሽንኩርቱን እየላጥኩ ስለነበር ማልቀሴን ማንም አላወቀብኝም።

መስከረም ሊጠባ ሲል ሁለተኛ ጉድ መጣ። "ፉዌ" ማለት "ሄደ" ብቻ ሳይሆን "ነበረ" ማለትም ሆኖ ተገኘ። ሁለት የተለያዩ ግሶች ለትናንት አንድ ልብስ ተዋውሰው ይለብሳሉ። እሱ መምህር ነበረ፣ ፉዌ። እሱ ወደ ገበያ ሄደ፣ ፉዌ። ይህን ሳነብ ስልኩን ዳግመኛ ልወረውር ስል አባቴ "ቆይ፣ ቆይ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

"አንድ ቃል ነው፣ ትርጓሜው ሁለት ነው?"

"አዎ።"

"በምን ይለዩታል?"

"ከፊትና ከኋላው ባለው ቃል።"

"ይኼማ ኅብር ነው" አሉ። "ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ቅኔ ያውቃሉ።" ከዚያ በኋላ "ሰነፎች" ሲሏቸው ሰምቼ አላውቅም። እሑድ ዕለት ለተማሪዎቻቸው ስለ ፉዌ ሲያወሩ ደረስኩባቸው፤ አወራራቸው ማድሪድ ደርሰው የመጡ ነው የሚያስመስላቸው።

እህቴ ግን መደወሏን አልተወችም። "እንዴት ነው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለሽ ነው?" አለችኝ እየሳቀች።

"ይሄዳል" አልኳት። "ግሱን ይዤዋለሁ።"

ይዤዋለሁ ማለቴ ግን የቤት ውስጥ ጉራ ነበር። ከስልኩና ከአባቴ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መስቀል እንዳለፈ አንዲት የስፔን አገር ሴት ብቻቸውን መጡ፤ ፀጉራቸው ነጭ፣ ምርኩዛቸው የብረት፣ ዕድሜያቸው እናቴ ብትኖር የምትሆነውን ያህል። ባረፉበት ሆቴል የምትሠራ ጓደኛዬ ከኔ ጋር አገናኘቻቸው። እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ እኔ ግን ማልጄ ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ፣ ሌሊቱን ሳሰላስለው ያደርኩትን በስፓኒሽ ጠየቅኳቸው።

"አዶንዴ ባይስ፣ ሴኞራ?"

ሴትዮዋ ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ። ማንም የለም። እንደገና ወደ እኔ ተመለሱና "ኤስቶይ ሶላ" አሉኝ፤ ብቻዬን ነኝ ማለታቸው ነው።

እኔ ምን ላድርግ? "ባስ" ማለት አንቺ ትሄጃለሽ ነው። ሽበታም ሴት ፊት ቆሜ "ወዴት ትሄጃለሽ?" ልል ነው? አባቴ ቢሰሙ መቋሚያው መሬት ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነበር የሚያርፈው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ይበዛል፤ አንዱን እንደ ብዙ አድርገን ነው አንቱ የምንለው። ስለዚህ ባይስ አልኩ፣ "ወዴት ትሄዳላችሁ?" ብዬ አከበርኳቸው። እሳቸው ደግሞ የቀሩት የት አሉ ብለው ፈለጉ። ነገሩን በእንግሊዝኛ ሳስረዳቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሳቁ። ትልቅ ሰው በስፓኒሽ "ኡስቴድ ባ" እንደሚባል ነገሩኝ። "ባ" እኮ "እሷ ትሄዳለች" ነው፤ ፊት ለፊት ያለን ሰው እንደ ሌለ አድርጎ ማክበር። ጆሮዬን ቢቆጠቁጠኝም ተቀበልኩት፣ እንግዳ ሲያርም ይሰማል።

የባሰው ቤተ ጊዮርጊስ ደርሰን ነው። ከላይ ከገደሉ አፋፍ ቆመን፣ ያጠናሁትን የንጉሡን ታሪክ ጀመርኩ። "ኤል ሬይ ላሊበላ ፉዌሮን አ ኼሩሳሌን።" ንጉሥ ላሊበላ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ።

"ስንት ነገሥታት ናቸው?" አሉኝ ሴትዮዋ።

"አንድ ናቸው" አልኩ፣ በስፓኒሽ።

"አንድ ከሆነ 'ፉዌ' ነው የሚባለው።"

አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ። ቅዱሱን "ሄደ" ልበል? በገዛ ደጃቸው ቆሜ፣ ከታች ካህናቱ እየወጡ እየገቡ፣ እንደ ሰፈር ልጅ ሄደ፣ ነበረ፣ መጣ ልበላቸው? ሴትዮዋ እኔን አይተው አላስጨነቁኝም። ቀኑን ሙሉ ግን ንጉሡን ያለ ግስ አስጎበኘኋቸው። "ንጉሥ፣ ኢየሩሳሌም" እያልኩ በእጄ አመለክት ነበር። በማግሥቱ መኪና ሲገቡ "ሜ ቦይ" አሉኝ። ይቺን አላውቃትም ነበር። "ቦይ" መሄድ ብቻ ነው፤ ከፊቱ "ሜ" ሲገባበት ለቅቆ መሄድ ይሆናል፣ እንደኛ "ሄዶ ቀረ"። እጄን ጨብጠው ሲያበቁ ቃሏን ለራሴ ደጋግሜ አልኳት።

ነገሩ እያደር በላኝ። አስጎብኚ ሆኖ ንጉሡን ሳይጠሩ ላሊበላን ማስጎብኘት አይቻልም፤ በየደረስንበት ደጃፍ የሚነሡት እሳቸው ናቸው። "ፉዌሮን" ካልኩ የሚሰማኝ ሰው ይጥለኛል፤ "ፉዌ" ካልኩ እኔ ራሴን እጥላለሁ። አባቴን አማከርኳቸው። እሳቸውም ተቸገሩ። "እኔም 'ሄደ' አልልም" አሉ። ትንሽ ክብር ጎድሎ ሥራ ቢገኝ ምን አለበት የሚል ሐሳብ ሽው ሲልብኝ ተቆጣሁት። ሌላ መንገድ ይኖራል፣ አላገኘሁትም እንጂ አልኩ።

መንገዱ ደጃችን ላይ ነበር። አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው ግቢው ውስጥ ተቀምጠን እያወረድን፣ አባቴ "ሖረ" አሉ፣ እኔ "ፉዌ" አልኩ። "ሖሩ" ሲሉ ግን በመልስ ፈንታ ጠየቅኳቸው።

"አባባ፣ ቅዱስ ላሊበላ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ የሚለው በግዕዝ እንዴት ነው?"

"ሖረ ላሊበላ ኀበ ኢየሩሳሌም።"

"'ሖሩ' አይደለም?"

"'ሖሩ' ካልሽማ ብዙ ናቸ..." አሉና ቃሉን ሳይጨርሱት ተዉት።

ስንት ዘመን ያስተማሩት፣ በየሌሊቱ በማኅሌት ያመሰገኑበት ቋንቋ ነው፤ ግን ለራሳቸውም አሁን ገና የሰሙት መሰለኝ።

"ግዕዝ አንቱ አያውቅም" አሉ ቀስ ብለው። "ቅዱሱንም፣ ንጉሡንም፣ እግዜሩንም አንተ ነው የሚል። አንቱታ ያማርኛ ነው።"

"ታዲያ ክብሩስ?"

"አባቶች በዚሁ በ'አንተ' አይደል ወድቀው የሚሰግዱት? ክብሩ ልብ ላይ ካለ ግሱ አንድ ቢሆን ምን ይሆናል? በይ ንገሪኝ፣ ሖረ ላሊበላ።"

"ኤል ሬይ ላሊበላ ፉዌ አ ኼሩሳሌን" አልኩ። ምንም አልቆጠቆጠኝም። በአማርኛ ብናገረው የሚያሳፍረኝን በስፓኒሽ ስለው ግዕዝ እየተናገርኩ መሰለኝ፤ እስካሁንም የምናገረው በዚያ ስሜት ነው።

ታኅሣሥ ላይ የድርጅቱ ሰሚ መጡ። ፈረንጅ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ያገራችን ሰው ናቸው፤ በደርግ ጊዜ በልጅነታቸው ኩባ ተልከው ያደጉና የተማሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጫማቸው የተወለወለ። ሆቴሉ በር ላይ ሰላም እንኳን በወጉ ሳንባባል በስፓኒሽ ለቀቁብኝ። አንድ ቃል አልገባኝም። ኩባዎች "ስ"ን ይውጧታል ለካ፤ እኔ ስንት ወር "ባሞስ" እያልኩ "ስ"ዋን ስስል ከርሜ፣ እሳቸው "ባሞ" ብለው ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። እግሬ ከኋላ ተከተለ እንጂ ልቤ እዚያው ሆቴሉ በር ላይ ቀርቷል።

የገናው ቡድን ተራራው ላይ ወዳለው አሸተን ማርያም ገዳም መውጣት ስለሚፈልግ ፈተናውም ወደዚያ ሆነ። ዳገቱ ግን ረዳኝ። ሰውየው እያለከለኩ ሲሄዱ ንግግራቸው ዝግ አለ፣ ዝግ ሲል ይሰማኝ ጀመር። የተዋጠችውን "ስ" በየቦታዋ እየመለስኩ አዳመጥኩ። ስለ አዝመራው ጠየቁኝ፣ ስለ ገዳሙ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ስለ ንጉሡም "ፉዌ" አልኩ፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሜ። ማረፊያው ድንጋይ ጋ ስንደርስ፣ እንግዶቹን እንደማናግር ሆኜ "አዶንዴ ባይስ?" ስል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

"ባይስ ምንድን ነው?" አሉኝ በአማርኛ። "የመጽሐፍ ነው እሱ። እኔ ሃቫና ስኖር ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። 'ኡስቴዴስ ባን' ነው የሚባል።"

ለዚያ "ባይስ" ስንት ጠዋት መቋሚያው እንደተመታ የሚያውቀው መሬቱ ነው። ደሜ ፈላ። ሊፈትኑኝ የመጡ ሰው ናቸው፣ ዝም ብል ይሻል ነበር፤ ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም።

"ጋሼ፣ እንግዶቹ ከሃቫና አይደሉም" አልኳቸው። "ስፔኖች 'ባይስ' ይላሉ። እርስዎ ሲያናግሩኝ 'ባን' እላለሁ፣ እነሱ ሲመጡ 'ባይስ' እላለሁ። ሁለቱንም አልተውም።"

አዩኝ። መንገዳችንን ቀጠልን፤ እኔም በልቤ "አበቃልሽ፣ ምላስሽ በላሽ" እያልኩ ከፊት ከፊት ወጣሁ።

ገዳሙ አጠገብ ስንደርስ ከተማው ከታች ይታያል። የኛን ግቢ ከዚያ ላይ ሆኜ መለየት አውቅበታለሁ፤ ቆርቆሮው ዝገቱ ቀልቷል። ሰውየው ላባቸውን ጠርገው ተቀመጡና፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ በስፓኒሽ ጠየቁኝ። ቡድኑን ባንሰጥሽ ወዴት ትሄጃለሽ? ሲሉ "ቴ ባስ" ነው ያሉት፣ ለቅቆ መሄዱን። የሚጠይቁት እንደ ፈታኝ ይሁን እንደ ሰው አላወቅሁም። ብዙዎቻችን ለቅቀን እንደምንሄድ ያውቃሉ፤ የበፊቱም አስጎብኚያቸው ሄዶባቸዋል።

ያጠናሁት መልስ አልነበረኝም። ያጠናሁት ግስ ብቻ ነበር። በአባቴ ተራ አወረድኩት፣ እሱን አስቀድሜ።

"ሚ ፓድሬ ኖ ሴ ባ" አልኩ። አባቴ አይሄዱም። "ዮ ኖ ሜ ቦይ።" እኔ አልሄድም። "ኖ ኖስ ባሞስ።" እኛ አንሄድም። ከዚያም በዚያው በስፓኒሽ፣ እየተደናቀፍኩ፣ ብትሰጡኝም ባትሰጡኝም ለሌላ ሰው እስካስተምር ድረስ ስፓኒሽ መማሬን አልተውም አልኳቸው። ሌላው ቃል ቢሳሳትም ግሱ ግን አልተሳሳተም።

"ማን ነው ያስተማረሽ?" አሉኝ በአማርኛ።

"ስልክ ነው። ያስጠኑኝ ግን አባቴ ናቸው።"

"ስፓኒሽ ያውቃሉ?"

"አያውቁም። ስሳሳት ግን ያውቃሉ።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ውኃ ጠጡ። ስንወርድ ስለ ኩባ ሸንኮራ አገዳ ነበር የሚያጫውቱኝ፣ ስለ ቡድኑ አንድም ነገር አላሉም።

ከቀናት በኋላ የጉዞ ድርጅቱ ልጅ ደወለች። የገናውን ቡድን ለሙከራ ሰጥተውኛል፤ የቀረው ከዚያ በኋላ ይታያል። እንግዶቹ መጡ፣ ሰባራም ሙሉም በሆነ ስፓኒሽ አስጎበኘኋቸው። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ "ፉዌ" ስል ማንም ዞሮ ኋላውን አላየም። አንደኛቸው ደግሞ ከመኪና ሲወርድ እኔንና ሾፌሩን "አዶንዴ ባይስ?" አለን። ያን ጊዜ የኩባው ጋሼ አጠገቤ በኖሩ አልኩ።

ጥምቀት አለፈ። ድርጅቱ ለፋሲካ ሌላ ቡድን እንደሚልክልኝ በነገረኝ ሳምንት እህቴ ደወለች። ደስ ብሏታል፤ ግን አልተረታችም።

"አንድ ቡድን መጣ፣ አንድ ቡድን ይመጣል። ከዚያስ? እኔ ክፍሉን ቀለም አስቀብቼዋለሁ። ደግሞ አንቺ ነሽ የምትናገሪ፣ እስቲ አባባን አገናኚኝ። ከራሳቸው አፍ ልስማ።"

ስልኩን ለአባቴ ሰጠኋቸው። ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነው። መቋሚያቸውን አላነሡም፤ ግንቡን ተደግፎ እንደቆመ ነው። እህቴ ረዥም ተናገረች፤ ስለ ዓይን ሐኪም፣ ስለ ልጆቿ ናፍቆት፣ ስለ ክፍሉ መስኮት። አባቴ እስክትጨርስ ሰሟት፣ መረቋት፣ የልጆቿን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ መረቁላት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ግስ ሲያወርዱ በሚያወጡት ድምፅ ተናገሩ።

"ኖ ኖስ ባሞስ።"

"ምን አሉኝ፣ አባባ?" ስትል ከስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

"ግሱን እህትሽ ታርባልሽ" አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

"አትመጡም ማለት ነው?" አለችኝ እህቴ።

"አንሄድም ማለት ነው" አልኳት።